ከበሩ እስከ መሸኛው፦ ወላድን አክብሮ በደህና የማዋለድ አሠራር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት አልፏል። ተረኛ አዋላጅ እኔ ብቻ ነኝ፣ ምጥ የያዛቸው ደግሞ ሦስት ናቸው። አንደኛዋ አብዝታ ትጮኻለች። ሄጄ ተቆጣኋት። «ዝም በይ እንጂ! ሌሎቹን አትረብሺ» አልኳት። ዝም አለች። ወለደች። ልጁም እሷም ደህና መሰሉኝና ወደ ሌላዋ ዞርኩ። ስመለስ ብርድ ልብሷን ገለጥ ሳደርገው አንሶላው በደም ርሷል። «ምነው ሳትጠሪኝ?» ብላት፣ በደከመ ድምፅ «ዝም በይ ብለሽኝ የለም ወይ፣ ሲስተር» አለችኝ።

እግዜር ይመስገን ተረፈች። አምቡላንሱ ደረሰልን፣ ሆስፒታል ደም ተሰጣት። እኔን ግን መልሷ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ያን ሌሊት ነው የገባኝ። የወላዷን ክብር ስንነካ ደህንነቷንም እንነካለን። የፈራችን ወላድ ራስ ምታቷን አትነግረንም። ያፈረች ወላድ ደም እየፈሰሳት ተሸፋፍና ትተኛለች። የተሰደበች ወላድ ደግሞ የሚቀጥለውን ልጇን ቤቷ ትወልዳለች። በአገራችን በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 አምስት ብቻ ነበሩ። በ2011 አሥር፣ በ2016 ሃያ ስድስት፣ በ2019 አርባ ስምንት ደረሱ። ይህ ሁሉ የመጣው በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ልፋት፣ በአምቡላንስ፣ በእናቶች ማቆያ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ገንፎ እስከማገንፋት በተሄደበት ጥረት ነው። ያን ያህል ተለፍቶ የመጣችን እናት በአንዲት ክፉ ቃል መልሰን እንዳንሸኛት።

ከዚህ በታች የጻፍኩት በጤና ጣቢያ ለምትሠሩ አዋላጆችና ነርሶች ነው። እኔ ራሴ በየተራዬ የምከተለው አካሄድ ነው።

1. ተራ ስትረከቡ መጀመሪያ ክፍሉን እዩ

10 ደቂቃ ይበቃችኋል። የአምቡ ባጉን (ላልተነፈሰ ልጅ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን) ጭምብል መዳፋችሁ ላይ ገጥማችሁ ጨመቅ አድርጉት። አየር የሚያመልጠው ከሆነ አሁኑኑ እወቁት፤ ልጅ ተወልዶ አላለቅስ ሲል ማወቅ አይረባም። ማህፀን እንዲኮማተርና ደም እንዳይበዛ የሚያደርገው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ፍሪጅ ውስጥ መሆኑን ተመልከቱ። አምፑሉ መስኮት ሥር ትሪ ላይ ከርሞ ከሆነ አትመኑት። ሙቀት ያገኘው ኦክሲቶሲን መልኩ አይለወጥም፣ ጉልበቱ ግን ያልቃል። ማግኒዥየም ሰልፌት (ከደም ግፊት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ)፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ (ደም ለማቆም)፣ ሊዶኬይን (ማደንዘዣ)፣ ግሉኮስና ሌላው ፈሳሽ፣ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ)፣ ጓንት፣ ውሃና ሳሙና መኖራቸውን በዓይናችሁ እዩ። «ይኖራል» በሚል ግምት ተራ አይጀመርም።

መጋረጃውንም እዩ። ብዙ ቦታ መጋረጃ እንደ ጌጥ ይታያል። የማዋለጃ አልጋው በሩን ትይዩ ከሆነ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ኮሪደሩ ሁሉ ወላዷን ያያል። አልጋውን አዙሩት። መጋረጃ ከሌለ ገመድ ወጥራችሁ አንሶላ ስቀሉ። ወጪው የአንድ ገመድ ነው።

ርክክቡ አልጋው አጠገብ ይሁን። «አልጋ 2 ደህና ናት» ርክክብ አይባልም። ስሟ፣ ምጡ የጀመረበት ሰዓት፣ የተሰጣት መድኃኒት፣ የሚጠበቀው ነገር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያሰጋችሁ ነገር ይነገር። ምስጢር የሆነውን ግን ከአልጋው ራቅ ብላችሁ ተነጋገሩ።

2. በሩ ላይ

ወላድ ስትገባ የመጀመሪያው ቃል «ካርድ አውጥተሻል?» ከሆነ ነገሩ ከመጀመሪያው ተበላሸ። ካርዱን አጃቢዋ ያውጣ። እሷን አስቀምጧት፣ ሰላም በሏት፣ ስማችሁን ንገሯት። ከዚያ ቶሎ አራት ነገር ጠይቁ፦ ደም እየፈሰሰሽ ነው? ከባድ ራስ ምታት አለሽ? ዓይንሽን ጋርዶሻል? ልጁ ይንቀሳቀሳል? ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ከአራቱ አንዱ እንኳ የሚያሰጋ መልስ ካገኘ ወረቀቱ ይቆይ፣ ሥራው ይጀመር። ደም ግፊቷን ግን መልሷ ምንም ቢሆን ለኩ።

አጠራር ትልቅ ነገር ነው። «ስምሽን ማን ልበል?» ብላችሁ ጠይቋት፣ ከዚያ በኋላ በስሟ ጥሯት። ዕድሜዋ ከእናንተ ከፍ የሚል ከሆነ «እርስዎ» በሏት። አንቺ መባል የሚቀርባት ከሆነች ራሷ ትነግራችኋለች። የ23 ዓመት አዋላጅ አምስት የወለደችን እናት «አንቺ! አልጋው ላይ ውጪ!» ስትላት ሰምቻለሁ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት እንዲህ ያለውን ነው የሚናገረው።

አብሯት ማን እንዲሆን እንደምትፈልግም እሷን ጠይቁ። አማቷ ስለመጣች አማቷን ትፈልጋለች ማለት አይደለም። እናቷን፣ እህቷን፣ ባሏን ወይም ጎረቤቷን ልትመርጥ ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የምጥና የወሊድ እንክብካቤ ምክር እያንዳንዷ ወላድ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይላል። አጃቢ ያላት ሴት ምጧ እንደሚያጥር፣ በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድሏም እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ክፍሉ የጋራ ከሆነ ለወንድ አጃቢ አስቸጋሪ ነው፤ የሌሎቹም ሴቶች ገመና አለ። ይህንን አስረዷትና ሴት አጃቢ ትምረጥ። «አጃቢ ውጪ!» ብሎ ሁሉንም ማባረር ግን ይቅር።

3. ከመንካታችሁ በፊት

ከሁሉም ደረጃዎች የምንዘለው ይህንን ነው፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

ምርመራ ሁሉ ሦስት ነገር አለው፦ መናገር፣ መጠየቅ፣ መጠበቅ። አነጋገሩ እንዲህ ነው። «እህቴ፣ የማህፀንሽ በር ምን ያህል እንደተከፈተ በጣቴ ልመረምርሽ ነው። ትንሽ ይከብድሽ ይሆናል። አቁሚ ካልሽኝ አቆማለሁ። ልቀጥል?» ከዚያ ጠብቁ። ዝምታ እሺታ አይደለም። ዓይኗን እዩ። ብዙ የገጠር እናቶች በጭንቅላት ንቅናቄ ወይም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው «እ» በማለት ይመልሳሉ። ያ መልስ ሲመጣ ጀምሩ። ምጡ መጥቶ ከሆነ እስኪያልፍ ታገሡ። ከወገቧ በታች በነጠላዋ ሸፍኗት፤ የራሷ ነጠላ ከተቋሙ አንሶላ ይልቅ ያረጋጋታል። ስትጨርሱ ያገኛችሁትን ንገሯት። «5 ሴንቲ ተከፍቷል፣ ጥሩ እየሄድሽ ነው» ማለት 3 ሰከንድ አይፈጅም። ለእሷ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚያቆያት ስንቅ ነው።

ምጧ በደህና እየሄደ ከሆነ የውስጥ ምርመራ በየ4 ሰዓቱ ይበቃል። በየሰዓቱ መመርመር ያማታል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣታል። ተማሪዎች ካሉ ፈቃዷ ለብቻ ይጠየቅ፤ እሺ ብትል እንኳ አንድ ተማሪ ይበቃል። አራት ተማሪ ተሰልፎ አንዲትን ሴት ሲመረምር ማየት የለመድነው ነገር ነው። ልማድ መሆኑ ግን ትክክል አያደርገውም።

እምቢ ብትልስ? አትቆጡ። «ምን አስፈራሽ?» በሏት። አንዳንዷ ያለፈው ወሊዷ ላይ የደረሰባትን ትነግራችኋለች። አንዳንዷ ወንድ አዋላጅ ስለሆነ አፍራ ነው፤ ሴት ባልደረባ ካለች ተለዋወጡ። ባለመመርመሯ ሊመጣ የሚችለውን ሳታስፈራሩ አስረዷት፣ መዝግቡት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሳችሁ ጠይቋት። ማተቧን አትበጥሱ፣ ክታቧን አትፍቱ፣ ይዛው የመጣችውን ጠበል አትጣሉባት። ከሥራችሁ ጋር የሚጋጭ ነገር ካለ ወደ የት ይዛወር ብላችሁ እሷኑ ጠይቁ።

ይህ የኛ ደግነት ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የሰውን ክብር፣ በአንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወቱን ያስከብራል። እነዚህ መብቶች ማዋለጃ ክፍል በር ላይ አይቀሩም።

4. ምስጢር

ካርዷ ክፍት ሆኖ አልጋ ጫፍ ላይ አይቀመጥ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ እናቶችን በተለየ ባልዲ፣ በተለየ አልጋ፣ ወይም በሹክሹክታ አትለዩአቸው። ጓንቱ፣ ጥንቃቄው፣ የመሣሪያው ማምከን ለሁሉም ወላድ እኩል ነው።

ቋንቋችሁን የማትችል እናት ስትመጣ ደግሞ አስተርጓሚ ፈልጉ። ለተራ ጥያቄ ዘመዷ ይበቃል። ለኤች አይ ቪ፣ ለጽንስ መቋረጥ ታሪክ፣ ቤት ውስጥ ለሚደርስባት ጥቃት ግን አማቷ ወይም ባሏ አያስተረጉሙም። ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ በስልክም ቢሆን ይሻላል።

5. ምጡ ሲፋፋም

የጽንሱን የልብ ምት በየ30 ደቂቃው አዳምጡ፤ ልጁን ለማውጣት መግፋት ስትጀምር በየ5 ደቂቃው። በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ደህና ነው። ወዲያው ጻፉት። ሌሊቱን ሙሉ ሳይሞላ ቆይቶ ጠዋት በአንድ ብዕር የተሞላ ፓርቶግራፍ (የምጥ መከታተያ ቅጽ) ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለው ወረቀት ለእናትየዋ ምንም አይጠቅማትም።

ትጠጣ፣ ትቅመስ፣ ትንቀሳቀስ። በጀርባ መተኛት ግዴታ የለም። ተንበርክካ፣ ቁጢጥ ብላ፣ በጎኗ ተኝታ መውለድ ትችላለች። አያቶቻችን ያውቁት ነበር።

የማይደረጉትን በግልጽ ልዘርዝር። ጭኗን አትምቱ። ሆዷን ከላይ አትጫኑ። ሁሉንም ወላድ በምላጭ አትቅደዱ፤ መቅደድ የሚያስፈልገው በምክንያት፣ በፈቃድና በማደንዘዣ ነው። ያለ ሊዶኬይን አትስፉ። «ወልደሻል፣ ይህቺን አትችዪም?» የሚባለው ንግግር ይቅር። እየወጋናት ያለነው እኛ ነን፣ ምጡ አልፏል። «ሲያረግዙ እንዲህ አይጮኹም» የሚለውማ ከአፋችን ፈጽሞ ይጥፋ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ስድብ፣ ዱላና ውርደት የመብት ጥሰት መሆኑን በይፋ ተናግሯል።

ከጮኸች ትጩህ። አጃቢዋ «ማርያም፣ ማርያም» ካለች ትበል። እናንተ ወገቧን እሹላት።

6. ልጁ ሲወጣ

ልጁን ወዲያው አድርቃችሁ እናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አስተኙት። ሁለተኛ ልጅ አለመኖሩን በእጃችሁ ዳስሳችሁ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ጡንቻዋ ላይ ስጡ፤ መርፌው ምን እንደሆነ እየነገራችኋት። ልጁ ደህና ከሆነ እትብቱን ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቆይታችሁ ቁረጡ። ካደረቃችሁትና ካነቃቃችሁት በኋላም ካልተነፈሰ ግን አትጠብቁ፤ በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ አየር መስጠት ይጀመር። ገላውን ማጠብ ለነገ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደር።

አንድ ነገር አደራ። የዓይን ቅባቱ ቲቲሲ እና ለእትብት የሚቀባው የክሎርሄክሲዲን ጄል በትንንሽ ቱቦ ነው የሚመጡት። በሌሊት፣ በደብዛዛ መብራት፣ በድካም ይመሳሰላሉ። በአፍሪካ አገራት ጄሉ በስህተት ዓይን ውስጥ ገብቶ በሕፃናት ዓይን ላይ ከባድ ጉዳት ደርሷል። እኔ ሁለቱን አንድ ትሪ ላይ አላስቀምጥም። ቲቲሲው ከቫይታሚን ኬው ጋር፣ ጄሉ ከእትብት ማሰሪያው ጋር ነው። ከመቀባቴ በፊት ስሙን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» በሏት። እምነቷ ሌላ ከሆነ በእምነቷ ወግ እንኳን ደስ ያለሽ በሏት። አባትየው በልጁ ጆሮ አዛን ማለት ከፈለገ ጊዜ ስጡት። እንግዴ ልጁን ወስደው መቅበር የሚፈልጉ ቤተሰቦች አሉ። መርምራችሁ ሙሉ ሆኖ መውጣቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ ጠይቋቸው።

7. የመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። በየ15 ደቂቃው ሂዱ። ማህፀኑን ዳስሱ፤ እንደ ኳስ ጠንከር ማለት አለበት። ብርድ ልብሱን አስፈቅዳችሁ ገልጣችሁ ደሙን እዩ። «ደህና ነሽ?» ብሎ ከበር መመለስ ክትትል አይባልም። ደም ግፊቷንና የልብ ምቷን ለኩ።

ደሙ ከበዛ ሰው ጥሩና ሁሉንም ባንድ ጊዜ ጀምሩ። ማህፀኑን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በደም ሥር በ10 ደቂቃ ቀስ ብሎ፣ ፈሳሽ፣ ከዚያ ደሙ ከየት እንደሚመጣ መመርመር። ትራኔክሳሚኩ ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት አለ። ደሙን በሚለካ ፕላስቲክ እየተቀበሉ እነዚህን ሁሉ ባንድ ላይ መስጠት ከባድ የደም መፍሰስንና መዘዙን በ60 በመቶ ቀንሷል። አንዱን ሰጥቶ «እስኪ ይሠራ እንደሆነ እንይ» ማለት ነው ብዙ እናቶችን የወሰደብን። ሪፈር ካስፈለገ አምቡላንሱን ቶሎ ጥሩ፣ ለሚቀበላት ሆስፒታልም ደውላችሁ አሳውቁ።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ለእያንዳንዷ ወላድና ለአጃቢዋ አንድ ነገር ሳልናገር ከአልጋው አልርቅም። «ከሥርሽ እርጥብ ነገር ከተሰማሽ፣ ዓይንሽ ከጨለመብሽ፣ ከበረደሽ ጥሪኝ። አስር ጊዜም ቢሆን ጥሪኝ፣ አልቆጣም።»

8. ልጁ በሕይወት ካልተወለደ

ቁጭ በሉ። ቆሞ አይነገርም። አጃቢዋ አጠገቧ ትሁን፤ ከእሷ በፊት ግን ለዘመድ ሹክ አትበሉ። በቀጥታ፣ በቀስታ ንገሯት። «ልጅሽ በሕይወት የለም። በጣም አዝናለሁ።» ከዚያ ዝም በሉ። «ሌላ ትወልጃለሽ» አትበሏት፤ ያለቀሰችው ለዚህኛው ነው። ማየት ወይም ማቀፍ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቋት። ከፈለገች አጥባችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ስጧት። ካልፈለገች አታስገድዷት። ልጅ ታቅፈው ከሚያጠቡት እናቶች መሀል አታስተኟት።

ማንም የማይነግራት ነገር ደግሞ አለ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ጡቷ በወተት ይሞላል። ቤቷ ብቻዋን ሆና ይህ ሲገጥማት ሐዘኑ እንደ አዲስ ይመጣባታል። አስቀድማችሁ ንገሯት፣ ሕመሙን በምን እንደምታስታግስ አሳዩአት።

9. ስትሸኟት

ቢያንስ 24 ሰዓት ትቆይ። የአደጋ ምልክቶቹን ለእሷም ለአጃቢዋም ንገሩ፦ ብዙ ደም፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ። ልጁ ላይ ደግሞ አልጠባም ማለት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ትኩሳት ወይም መቀዝቀዝ፣ ቢጫ መሆን። የምትመለስባቸው ቀናት ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ ከዚያም በ6ኛው ሳምንት ናቸው። መልሳ እንድትነግራችሁ ጠይቋት፤ ካልነገረቻችሁ አልገባትምና ድገሙላት።

የቤተሰብ ምጣኔ ምርጫው የእሷ ነው። መረጃ የማግኘት መብቷ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 አለ። ኮታ ለመሙላት ብሎ ሉፕ ማስገባት ግን ከባድ በደል ነው። ምጥ ላይ እያለች የተገኘ «እሺ»ም እሺታ አይባልም።

የአስተያየት ሳጥን ማንበብና መጻፍ ለማትችል እናት አይጠቅምም። ያላዋለዳት ሌላ ባልደረባ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃት፦ በስምሽ ጠሩሽ? ሳያስፈቅዱሽ የተደረገብሽ ነገር አለ? ስትፈሪ የምትጠሪው ሰው ነበረሽ? መልሶቹ ያለ ስም ተጽፈው በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ይነበቡ።

10. ስህተት ሲፈጠር፣ አቅም ሲያጥር

ስህተቱን ለእናትየዋ ራሳችሁ ንገሯት። ምን እንደሆነ፣ ምን እየተደረገ እንደሆነ፣ ይቅርታ። ከዚያ መዝግቡ። ዓላማው ማንን እንቅጣ ሳይሆን ምን እናስተካክል ይሁን። ስህተት የሚያስቀጣ ብቻ ከሆነ ሁሉም ይደብቃል።

እኛም ሰው ነን። ሌሊቱን ሙሉ አንድ አዋላጅ ለአራት ወላድ ሲቆም ትዕግሥት ያልቃል። ጓንት በሌለበት ጥንቃቄ አድርጉ ማለትም አይቻልም። ይህንን በልባችን ይዘን ወላዷ ላይ አንወጣው። ትዕግሥታችሁ ሲያልቅ ከተሰማችሁ ለባልደረባ «ሁለት ደቂቃ ያዝልኝ» ብላችሁ ውጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ተመለሱ። ጠዋት ደግሞ ጻፉ። ቀኑን፣ የተረኛውን ቁጥር፣ የወላዱን ቁጥር፣ የጎደለውን ዕቃ በአንድ ገጽ አድርጋችሁ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ በግልባጭ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አስገቡ። ቅጂው ላይ የደረሰበትን ቀን አስፈርሙና ለራሳችሁ አስቀሩት።